ከባድ ብረቶች በማሳ አፈር እንስሳት ላይ ያደረሱትን ጉዳት መመርመር፦ ከአቃቂ ዳርቻ ማሳዎች የተነሣ ዝርዝር መመሪያ

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከአዲስ አበባ በላይ ካሉት ተራሮች ተነሥተው፣ ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው ላይ የቆዳ ፋብሪካው፣ የማቅለሚያው፣ የብረታ ብረት ሥራው፣ የጋራዡና የመኖሪያ ቤቱ ፍሳሽ ይቀላቀላቸዋል። በዳርቻቸው ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ውሃ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር እያጠጡ ለከተማዋ ገበያ ያቀርባሉ። በእነዚህ ማሳዎች አፈር ውስጥ ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ዚንክ፣ መዳብና ኒኬል እንደሚገኙ በተደጋጋሚ ተለክቶ ታውቋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ልኬቱ የሚያበቃው በቅጠሉ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ተገኘ በሚለው ላይ ነው፤ አፈሩን የሚያላውሱት፣ የወደቀውን ቅጠል አድቅቀው ወደ ብስባሽ የሚለውጡት ጥቃቅን እንስሳት ምን ሆኑ የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን ጥያቄ በመስክ ላይ መመለስ ለሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የሳይንስ መምህር ነው። አብዛኛው ሥራ አካፋ፣ ወንፊት፣ አምፖልና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ የእንስሳቱ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው ከትክክለኛ ማነጻጸሪያ ማሳ ጋር ሲተያይ ነው፤ ስለዚህ ማነጻጸሪያውን መምረጥ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው፣ በዚህ ጽሑፍም ሰፊውን ቦታ የያዘው እርሱ ነው።

ብረቱ እንስሳውን የሚጎዳበት መንገድ

የመሬት ትል ቆዳው ስስና እርጥብ ስለሆነ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባለው ውሃ የሟሟው ብረት በቀጥታ ይገባዋል፤ አፈርና ብስባሽ ሲበላም በአንጀቱ በኩል ይወስደዋል። ካድሚየም በመጠኑ ከካልሲየም ጋር ስለሚቀራረብ ሰውነት ለካልሲየም በከፈተው መተላለፊያ ሾልኮ ያልፋል። ትሉ ዝም ብሎ አይመረዝም፤ ሜታሎቲዮኒን የተባለ ፕሮቲን ሠርቶ ካድሚየሙን ያስርበታል፣ አንጀቱን በከበበው ሕብረ ሕዋስ ውስጥም ያከማቸዋል። ኮሌምቦላ የተባሉት፣ አብዛኞቹ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጡና ብዙዎቹ ከሆዳቸው በታች በታጠፈች ሹካ መሰል አካል የሚፈናጠሩ እንስሳት ደግሞ ቆዳቸውን በቀየሩ ቁጥር የአንጀታቸውን ሽፋን አብረው ስለሚጥሉ ከብረቱ ከፊሉን ያስወግዳሉ።

ይህ ሁሉ መከላከያ ጉልበት ይፈጃል፤ ለመከላከያ የዋለው ጉልበት ደግሞ ከእድገትና ከመራባት ይቀነሳል። ስለዚህ ሞት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አስቀድሞ የሚታየው የእንቁላል ከረጢቶች ማነስ፣ የግልገሎች መጥፋትና ዘግይቶ መጎልመስ ነው። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል አጠገብ በነበረው የአቮንማውዝ ዚንክ ማቅለጫ ዙሪያ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ወደ ማቅለጫው በተቃረቡ ቁጥር የትል ዝርያዎች አንድ በአንድ እየጠፉ ይሄዳሉ፤ የሚያደቀው የጠፋ ቅጠልም ሳይበሰብስ መሬቱ ላይ ይከመራል። የእኛ ማሳ በየጊዜው ስለሚቆፈር እንዲህ ያለ ክምር አይታይበትም፤ ጉዳቱን በዓይን ለማየት የሚያስቸግረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ማነጻጸሪያ ማሳ መምረጥ

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የተበከለው ማሳ አቃቂ ዳር ከሆነ፣ ንጹሑ ማሳ ወንዙ ገና ሳይበከል ካለበት ከላይኛው ተፋሰስ፣ ለምሳሌ ከእንጦጦ ግርጌ ይወሰድ የሚል ሐሳብ ይመጣላቸዋል። ነገር ግን የእንጦጦ ግርጌ አፈር ቀላ ያለና ድንጋያማ ነው፤ ባሕር ዛፍም ለብሷል። የአቃቂ ሜዳ ደግሞ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በሁለቱ መካከል የሚታየው የእንስሳት ልዩነት ከብረት ይልቅ ከአፈሩ ዓይነት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ሊለየው አይችልም።

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ በዚያው መረሬ አፈር ላይ ያለ፣ ተመሳሳይ አትክልት የሚለማበት፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚቆፈር፣ ነገር ግን በጉድጓድ ወይም በምንጭ ውሃ የሚጠጣ ማሳ ነው። እንዲህ ያለ ማሳ ካልተገኘ ሁለተኛው አማራጭ በአንዱ ማሳ ውስጥ ርቀትን መከተል ነው። የወንዙ ውሃ ከማጠጫው ቦይ ወደ መደቦቹ ሲገባ ደለሉን፣ ከደለሉም ጋር የተጣበቀውን ብረት አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው አጠገብ ይጥላል። ስለዚህ ከመግቢያው ጀምሮ እስከ ማሳው ጫፍ በ5 ቦታዎች ላይ ናሙና በመውሰድ ብረቱ እየቀነሰ ሲሄድ እንስሳቱ እንዴት እንደሚለወጡ መከታተል ይቻላል።

ሌላ ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። የአካባቢው አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በተለይ ከባዝልት የተገኘ ስለሆነ ፍሳሽ ሳይነካውም በተፈጥሮው ኒኬልና ክሮሚየም ሊኖረው ይችላል። የላቦራቶሪው ውጤት ከውጭ አገር ሠንጠረዥ በላይ ስለሆነ ብቻ ማሳው በፋብሪካ ተበክሏል ማለት አይቻልም፤ ይህንን የሚፈታውም ያው የማነጻጸሪያ ማሳ ነው።

ከአንድ ማሳ የተወሰዱ አምስት ጉድጓዶች አምስት ማሳዎች አይደሉም። ጥናቱ ስለ አካባቢው እንዲናገር ከተፈለገ ቢያንስ ሦስት የተበከሉና ሦስት ማነጻጸሪያ ማሳዎች፣ በእያንዳንዳቸውም አምስት አምስት ጉድጓድ ያስፈልጋል። ጊዜው ካልበቃ ጉድጓዱን ቀንሶ ማሳውን ማብዛት ይሻላል።

ማሳው ሲመረጥ ገበሬውን ማነጋገር የሥራው አካል ነው። የዳርቻው ገበሬዎች ማሳቸው ተበክሏል ከተባለ ገበያቸው እንደሚዘጋ ስለሚያውቁ፣ ዓላማውን ሳያስረዱ አካፋ ይዞ መግባት ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው። አክብሮ ቀርቦ፣ «አባቴ፣ ሲቆፍሩ ትል ይታይዎታል? ድሮስ እንዴት ነበር? የትኛው መደብ ላይ ይበዛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። በየቀኑ ዶማ የሚያነሣ ሰው ትል ያለበትን መደብ ከሌለበት ለይቶ ያውቃል፤ የትኛውን ፀረ ተባይ መቼ እንደረጨም የሚነግረው እርሱ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን መልስ በደንብ መዝግቡ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ወቅቱን መወሰን

በበጋ በመስኖ የሚጠጣ ማሳ እርጥብ ሲሆን በዝናብ ብቻ የሚለማው አጠገቡ ያለ ማሳ ተሰንጥቆ ይደርቃል። በየካቲት ሁለቱን ብናነጻጽር የተበከለው ማሳ በትል የበለጸገ ሊመስል ይችላል፤ ትሉ ግን የተከተለው እርጥበቱን ነው። በደረቁ ማሳ ያለው ትል ወደ ጥልቁ ወርዶ፣ ከራሱ በወጣ ልፋጭ በተለሰነች ትንሽ ክፍል ውስጥ እንደ ክር ድውር ተጠቅልሎ ዝናብ ይጠብቃል። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ መረሬው ውሃ ስለሚያቁር ጉድጓዱ ጭቃ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነው፤ ሁሉም ማሳ እርጥብ ነው፣ ግን አልጠገበም። ሁሉንም ማሳዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ጨርሱ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ትል መቁጠር

በመጀመሪያ የጎማ ጓንትና ቦቲ ጫማ አድርጉ። ይህ ውሃ የሰው ዓይነ ምድር ይቀላቀለዋል፤ በአፈሩም ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ አይጠፋም።

በገመድና በአራት ችንካር 25 በ25 ሳንቲሜትር ካሬ ምልክት አድርጉ። አፈሩን እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት በፍጥነት አውጥታችሁ ነጭ ፕላስቲክ ላይ አፍስሱት፤ ትል የአካፋ ንዝረት ሲሰማው ወደ ታች ስለሚሸሽ ዝግ ማለት አይገባም። ከዚያ ጓሉን በእጅ እየፈረከሳችሁ ለቅሙ። እርጥብ መረሬ እንደ ሊጥ ስለሚጣበቅ አንዱ ጉድጓድ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አይግረማችሁ። ትልቁን ትል ሁሉም ያየዋል፤ ሥራው የሚለካው ነጭ ክር የመሰለችውን ግልገልና የሰናፍጭ ፍሬ የምታህለውን፣ ቢጫ ወይም ቡናማ የእንቁላል ከረጢት በማግኘት ነው።

ከ20 ሳንቲሜትር በታች የሸሸውን ለማውጣት የሰናፍጭ ውሃ ይረዳል። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የሰናፍጭ ዘር በደረቁ ፍጩና በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 10 ግራም ያህል በጥብጡ፤ ውሃው መፍላት የለበትም፣ የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር የሚያስገኘው የዘሩ ኢንዛይም በሙቀት ይጠፋልና። ሁለት ሊትር ያህሉን በሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሱና 20 ደቂቃ ጠብቁ። የወጣውን ትል ወዲያው በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ትሎቹን በሦስት ክፍል መዝግቡ፦ አንገታቸው አካባቢ ኮርቻ የመሰለ ቀለበት ያላቸው ጎልማሶች፣ ቀለበት የሌላቸው ግልገሎች፣ እና የእንቁላል ከረጢቶች። ቁጥሩን በ16 ስታባዙት የአንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ የሚጽፍ ሰው ግን ዋናውን መረጃ ጥሎታል። የፍሳሽ ውሃ ብረት ብቻ አያመጣም፤ ብስባሽና ናይትሮጅንም ያመጣል፤ ስለዚህ በመጠኑ በተበከለ ማሳ ጎልማሳ ትል ከንጹሑ ማሳ በልጦ ሊገኝ ይችላል። ጎልማሳው በዝቶ ግልገልና ከረጢት ከጠፋ፣ ያ ማሳ ነገ ትል አይኖረውም ማለት ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ በዓይን የማይለዩትን ማውጣት

ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቤርሌዜ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈጠረው፣ ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን ደግሞ አምፖል ጨምሮ ያሻሻለው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። የአፈር እንስሳ ከብርሃን፣ ከሙቀትና ከድርቀት ይሸሻል፤ ከላይ ስናሞቀው ወደ ታች ይወርድና ዕቃ ውስጥ ይወድቃል።

በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን ባለ 5 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ከላይኛው ሲሶው ቆርጣችሁ አፉን ወደ ታች ገልብጡት። በውስጡ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት አስቀምጡ፤ ከሥሩ 70 በመቶ አልኮል የያዘ ብልቃጥ አድርጉ። የቤት አረቄ ጥንካሬው ስለማይበቃ ናሙናው ይበሰብሳል። ከማሳው 10 በ10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ኩብ አፈር በቢላ ቆርጣችሁ፣ ሳታፈርሱ፣ የላዩን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ ወንፊቱ ላይ አኑሩት። መገልበጡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የላይኛው አፈር ቀዳዳ ሰፋ ያለ ስለሆነ እንስሳቱ በራሳቸው መንገድ ይወርዳሉ። ከአንድ ማሳ ሦስት ኩብ ይበቃል።

ከአፈሩ 25 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ባለ 40 ዋት የድሮውን ዓይነት አምፖል አንጠልጥሉ። አሁን በየቤቱ ያለው ኤልኢዲ አምፖል ሙቀት ስለማይሰጥ ለዚህ አይሆንም። መረሬ ድንገት ከደረቀ እንደ ሸክላ ይጠነክርና እንስሳቱን ውስጡ ያስቀራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አምፖሉን ራቅ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ አቅርቡት። ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ የጠፋበትን ሰዓት እየመዘገባችሁ ጨምሩበት፤ ዋናው ነገር የተበከለውና የማነጻጸሪያው አፈር ጎን ለጎን፣ ለእኩል ሰዓት መሞቃቸው ነው።

በዝርያ ለመለየት ባለሙያና ዓመታት ያስፈልጋሉ። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ፓሪዚ ያቀረበው ኪውቢኤስ የተባለው መለኪያ ግን ከ20 እስከ 40 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር የሚሠራ ስለሆነ ለእኛ ሁኔታ ይስማማል። መነሻው ቀላል ነው፦ እንስሳው ለአፈር ውስጥ ኑሮ በተስማማ መጠን፣ ማለትም ዓይኑንና ቀለሙን ባጣ፣ እግሩና አንቴናው ባጠረ ቁጥር፣ ከ1 እስከ 20 ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው እንስሳ አፈሩ ሲበላሽ ወጥቶ መሄድ አይችልም። ማይቶች (ጥቃቅን የሸረሪት ዘመዶች) 20፣ ዓይነ ስውርና ነጭ የሆኑ ኮሌምቦላዎች 20፣ ነጫጮቹ ባለ ስድስት እግር ዲፕሉራና ባለ ብዙ እግር ሲምፊላ እያንዳንዳቸው 20 ያገኛሉ፤ የዝንብ እጭ 10፣ ጉንዳን 5 ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን ከፍተኛውን ነጥብ ብቻ ወስዳችሁ ደምሩ። ለማስላት ያህል፣ አንዱ ማሳ ማይት፣ ነጭ ኮሌምቦላ፣ ሲምፊላ፣ ዲፕሉራ፣ የዝንብ እጭና ጉንዳን ካለው 95 ይሆናል፤ ሌላው ማይት፣ የዝንብ እጭና ጉንዳን ብቻ ካለው 35 ነው፤ ምንም እንኳ በዚያ ማሳ ማይቱ በሺህ ቢቆጠር።

አምስተኛ ደረጃ፦ ትሉን ራሱን መጠየቅ

የመስኩ ቆጠራ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ ጥርጣሬውን የሚያጠናክረው የሽሽት ሙከራ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ ሥርዓቱን በቁጥር 17512 አውጥቶታል፤ የሚፈጀውም 48 ሰዓት ብቻ ነው። የሚያስፈልገው የትል ማዳበሪያ በሚያዘጋጁ ማዕከላት የሚገኘው ቀይ ትል፣ አይዜኒያ ፌቲዳ ነው።

ክዳን ያለውን የፕላስቲክ ሳሕን በካርቶን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ ወገን የተበከለውን፣ በሌላው የማነጻጸሪያውን አፈር በእኩል መጠን አድርጉ። ሁለቱም እኩል እርጥበት ሊኖራቸው ይገባል፤ በመዳፍ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ አፈር ልኩ ነው። ካርቶኑን አንሡና በመሐል መስመሩ ላይ አንድ ቀን በማነጻጸሪያው አፈር የቆዩ 10 ጎልማሳ ትሎች አኑሩ። አየር በሚያስገባ ክዳን ሸፍናችሁ፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ ተዉት። ከ48 ሰዓት በኋላ በመጀመሪያ ካርቶኑን በቦታው መልሱ፤ ከዚያ በየወገኑ ቁጠሩ። አምስት ሳሕን ይበቃል። ከ50ው ትል 8ቱ ብቻ በተበከለው አፈር ከተገኙ 16 በመቶ ነው፤ ከ20 በመቶ በታች የሆነ አፈር ለመኖሪያነት ተጎድቷል ተብሎ ይወሰዳል። በሁለቱም ወገን ንጹሕ አፈር ያለባቸውን ሳሕኖች አብራችሁ ካላቆማችሁ ግን ትሎቹ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወይም ወደ ግድግዳው ቅዝቃዜ አድልተው እንደሆነ አታውቁም።

ትል ሁሉንም ብረት እኩል አይሸሽም። አለመሸሹ ስለዚህ ጤንነትን አያረጋግጥም። ጊዜ ያለው ሰው በተመሳሳይ አፈር የመራባት ሙከራ ቢያደርግ የተሻለ መልስ ያገኛል፤ ጎልማሶቹ ለ4 ሳምንት ይቆያሉ፣ ከወጡ በኋላ ከረጢቶቹ ለሌላ 4 ሳምንት እንዲፈለፈሉ ይተዋሉ፣ በመጨረሻ ግልገሎቹ ይቆጠራሉ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የአፈሩ ኬሚስትሪ

ትል ከተቆጠረበት ከዚያው ጉድጓድ አፈር ውሰዱ። የቆርቆሮ ባልዲ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ናሙናውን ያበላሻል፤ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። በጥላ አድርቁት፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ንፉት። ላቦራቶሪውን ሁለት ዓይነት ልኬት ጠይቁ፦ በጠንካራ አሲድ የሚወጣውን ጠቅላላ ብረትና በቀጭን የካልሲየም ክሎራይድ ሙሙት የሚወጣውን ክፍል። እንስሳውን የሚነካው ይበልጡን ሁለተኛው ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲወርድ አፈሩ ይበልጥ አሲዳማ ነው)፣ የጨው መጠንና የብስባሽ መጠንም አይቅሩ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1986 የፍሳሽ ዝቃጭ ለሚደፋበት የእርሻ አፈር ያወጣው ገደብ በኪሎግራም ለካድሚየም ከ1 እስከ 3፣ ለመዳብ ከ50 እስከ 140፣ ለእርሳስ ከ50 እስከ 300፣ ለዚንክ ከ150 እስከ 300 ሚሊግራም ነው። ይህ ለመንደርደሪያ ይረዳል እንጂ ለአፈር እንስሳት ደኅንነት ተብሎ የተለካ ወሰን አይደለም።

በትሉ ሰውነት ያለውን ብረት ለመለካት የምትፈልጉ ከሆነ፣ በአንጀቱ ያለው አፈር ውጤቱን ስለሚያዛባ አስቀድማችሁ ለ48 ሰዓት በእርጥብ የማጣሪያ ወረቀት ላይ እንዲጸዳ አድርጉት። በትሉ ያለውን በአፈሩ ላለው ስታካፍሉ ካድሚየም ብዙውን ጊዜ ከ1 በላይ ይሆናል፤ እርሳስ በአብዛኛው ከ1 በታች ነው። ከእነዚህ ማሳዎች የተለቀመ ትል ለዶሮ መኖ መዋል የለበትም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ውጤቱን ማንበብ

ብረቱ ከፍ ብሎ፣ ግልገልና ከረጢት ጠፍቶ፣ የኪውቢኤስ ነጥቡ ወርዶ፣ ትሉም ከሸሸ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ጠቅላላ ብረቱ ከፍ ብሎ እንስሳቱ ደኅና ከሆኑ ሸክላውና ብስባሹ ብረቱን አስረው ይዘውታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ መረሬ አፈር ብዙ ጊዜ ፒኤቹ ወደ ገለልተኛው ስለሚጠጋ ይህ ይጠበቃል። ነገር ግን ብረት አይበሰብስም፤ ፒኤቹ ከወረደ የታሰረው ካድሚየምና ዚንክ ይለቀቃል፤ ማሳውን በየዓመቱ መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ብረቱ በሁለቱ ማሳዎች እኩል ሆኖ እንስሳቱ በአንዱ ብቻ ከጠፉ ወደ ገበሬው መልስ ተመለሱ። ቆስጣና ጎመን ላይ የሚረጨው ፀረ ነፍሳት ኮሌምቦላን ከብረት በፈጠነ መንገድ ይጨርሳል፤ የጨው መጠኑም ከፍ ካለ ትል ይሸሻል። ለሻጋታ የሚረጨው መድኃኒት መዳብ ካለበት ደግሞ መዳቡ ከወንዙ ሳይሆን ከመርጫው የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር አብረው የሚመጡትን ክሮሚየምንና ሌሎቹን ብረቶች አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

የጉድጓዶቹን ሥፍራ፣ ቀኑን፣ የአፈሩን እርጥበትና የቆጠረውን ሰው ስም በእርሳስ ጽፋችሁ በየብልቃጡ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ውጤቱን መጀመሪያ ለማሳው ባለቤት አሳዩ፤ የውሃ መግቢያው ላይ ደለል የሚያስቀር ትንሽ ኩሬ ቢቆፍር፣ መግቢያው አጠገብ ባሉት መደቦች ላይም በቅጠል አትክልት ፈንታ አበባ ወይም የዛፍ ችግኝ ቢያለማ የትኞቹ መደቦች እንደሚጠቀሙ በሠራችሁት ካርታ ላይ አመልክቱት። ያንኑ ጉድጓድ በሚቀጥለው ጥቅምት፣ በዚያው ሳምንት ቆፍሩ።